ሳይለካ የተፈረደበት ብሎክ

ጋራዥ ግቢ ውስጥ እንደ «ሞተሩ አልቋል» ቶሎ የሚሰጥ ፍርድ የለም። ኮፋኖ ይከፈታል፤ የዘይቱ ክዳን ይነቀላል፤ ከአፉ የሚወጣው ጭስ በመዳፍ ይሞከራል፤ አለቀ ይባላል። ምኑ ነው ያለቀው? ፋሻው? ብሮንዚኑ? ባልቦላው? ወይስ ብሎኩ ራሱ? የአንዱና የሌላው ወጪ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ባለመኪናው ግን ይህን አይጠይቅም። ደንግጦ የሚጠይቀው «ይታደስ ወይስ ይቀየር?» ብሎ ነው። ገና ማንም ያልለካው ነገር ላይ ምርጫ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

*

ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አይበላም። የላይኛው ፋሻ ደርሶ በሚመለስበት ቦታ ሙቀቱና ግፊቱ ብርቱ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ጥቂት። ስለዚህ እዚያ ላይ ይበላል፤ ግርጌው ግን ፋሻ ስለማይደርስበት ከፋብሪካ እንደወጣ ይቆያል። በዚያ ላይ ፒስተን ወደ አንድ ጎን እየተደገፈ ስለሚሠራ ክቡ ቀዳዳ ቀስ በቀስ ሞላላ ይሆናል። አንድን ሲሊንደር ለካሁ የሚል ሰው በሦስት ከፍታ፣ በየከፍታው በሁለት አቅጣጫ መለካት አለበት። ስድስት ቁጥር። ለአራት ሲሊንደር ሃያ አራት ቁጥር።

እነዚህ ሃያ አራት ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት ተሰጥቶት ከጋራዥ የወጣ ባለመኪና ብርቅ ነው። ሂሳቡ የተጻፈበት ወረቀት ግን ለሁሉም ይደርሳል።

*

መካኒክ ቴስታታው እንደወረደ ጥፍሩን ከሲሊንደሩ አፍ ወደ ታች ያንሸራትታል። ጥፍሩ አንድ ደረጃ ላይ ከተያዘ ራሱን ይነቀንቃል። ጥፍር የሚናቅ መሣሪያ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ልምድ ያለው ጣት ብዙ ያውቃል። ይሁንና ያ ደረጃ አንዳንዴ የተበላ ብረት ሳይሆን የተጋገረ ካርቦን ነው፤ ሲፋቅ ይጠፋል። የድሮዎቹ የቶዮታ የጥገና መጻሕፍት ለብዙ ሞተሮቻቸው የሚፈቅዱት የመበላት ልክ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ አራቱም ሲሊንደሮች ይሰፉ ይላሉ። ካላለፈ በአዲስ ፋሻና በቀላል ሆኒንግ (ግድግዳውን በድንጋይ በመፈተግ) ሞተሩ ሊቀጥል ይችላል። 0.15ን ከ0.25 የሚለይ ጥፍር እስካሁን አላየሁም። በሁለቱ መካከል ያለው ግን የባለመኪናው የወራት ደመወዝ ነው።

*

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ለባሕር ዳርቻ በተጻፈ መጽሐፍ ሞተር ይመረመርባታል። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ያንሳል። ሲሊንደር የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነውና የኮምፕረሽን ንባቡም አብሮ ይወርዳል። መጽሐፉ 13 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 አካባቢ ቢያነብ ምንም አልጎደለውም። ይህን ያላሰበ ሰው አራቱም ሲሊንደሮች 10፣ 10፣ 10፣ 10 ሲያነቡለት «ሞቷል» ብሎ ሞተር ያስወርዳል።

ከመጽሐፉ ይልቅ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማነጻጸር ይሻላል። ሦስቱ 10፣ አንዱ 6 ከሆነ ችግሩ እዚያ አንዱ ጋ ነው። በዚያ ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ንባቡ ከወጣ የሚያሳልፈው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልወጣ ባልቦላው ወይም ጋርኒሲዮኑ ነው፤ ብሎኩ በዚህ ክስ እጁ የለበትም። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሞተር ማውረድ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ማውረዱ የሚመረጠው።

ጅቡቲ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል። ወደ ጠረፍ በወረዱ ቁጥር መኪናቸው ጉልበት ያገኛል፤ ሽቅብ ሲመለሱ ይደክማል። አንዳቸውም ግን ሞተሩ አዋሽ ላይ ታድሶ ደብረ ዘይት ላይ አርጅቷል አይሉም።

*

የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ብሎክ ብረት ነው። ይሰፋል፣ እንደገና ይሰፋል፣ በመጨረሻም ካሚቻ (የውስጥ እጀታ) ይገባለታል። የቪትዙና የያሪሱ ኤንዜድ የሚባለው ሞተር ግን ብሎኩ አሉሚኒየም ነው። በውስጡ ሲቀዳ አብሮ የተቀበረ ስስ የብረት ካሚቻ አለ፤ ፋብሪካውም ይህ ካሚቻ እንዲሰፋ አልሠራውም። ስለዚህ «የወንድሜን ዲኤክስ አሰፍተን አሥር ዓመት ነዳው» የሚለው ምስክርነት ለኤንዜድ ባለቤት አይሠራም። ምስክሩ ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ስለ ሌላ ብረት እየመሰከረ ነው።

በእርግጥ ከተማችን ውስጥ የማይቻል የሚባል ነገር የለም። ስሱን ካሚቻ ፈልፍሎ አውጥቶ አዲስ የሚጨምቅ ሬክቲፊካ ቤት ይገኛል። አሉሚኒየምና ብረት በሙቀት እኩል አይለጠጡምና መጭመቂያው ትንሽ ከላላ፣ ሞተሩ ሲሞቅ ካሚቻው ይንቀሳቀሳል። እኔ ብሆን ለእንዲህ ያለ ብሎክ ያገለገለ ግን የተመረመረ ሞተር እመርጣለሁ። ለብረት ብሎክ ደግሞ ማሰፋቱን። ብዙ ክርክር የሚነሳው ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመመለስ ስንሞክር ነው።

*

ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲዎቻችንን አሮጌ ብሎ የሚስቅ ሰው ብሎካቸውን ከሥር አላየም። የዘይት መያዣው በሚታሰርበት ፊት ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ፊደል ተመትቷል፤ ከኤ እስከ ኢ። አንዱ ፊደል ከሌላው የሚለየው በ0.01 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፒስተኑም በፊደሉ ተመርጦ ይገባ ነበር። ፋብሪካው ብሎኩ እንደሚያልቅ ከመጀመሪያው አምኖ ሁለት የጥገና ልክ አዘጋጅቶለታል፦ 0.4 እና 0.8 ሚሊ ሜትር። አንድ የላዳ ብሎክ ከተወለደ በኋላ ሁለት ጊዜ ዳግም ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላም ካሚቻ አለ። ሲነድፉት ስለ ሦስተኛው ባለቤት አስበዋል። ዛሬ የሚነደፈው ሞተር የሚያስበው ስለ መጀመሪያው ገዢ ነው፤ እኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነን።

*

«የሰለቸ ብረት ነው፣ አዲስ ይሻላል» ይላሉ። በ1983 እ.ኤ.አ. ኔልሰን ፒኬ በብራብሃም መኪና የፎርሙላ 1 ሻምፒዮን የሆነበት የቢኤምደብሊው ተርቦ ሞተር ብሎክ፣ ለተራ የቤት መኪና ከሚመረተው የብረት ብሎክ የመጣ ነበር። መሐንዲሶቹም ብዙ ኪሎ ሜትር የሠሩትን ብሎኮች ይመርጡ እንደነበር ይነገራል። ቀልጦ የተቀዳ ብረት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ውጥረት ይቀራል፤ ለዓመታት ሲሞቅና ሲበርድ ይረጋል ይባላል። ስለዚህ ያልተሰነጠቀና ያልተጣመመ አሮጌ ብሎክ ሲሰፋ ልኩን ይዞ ይቆያል። እርጅና ብቻውን ክስ አይሆንም።

*

ስንጥቅ ግን ክስ ነው። ቢሆንም የት ነው ስንጥቁ? በውጭ በኩል፣ ውኃ በሚያልፍበት ግድግዳ ላይ ከሆነ በብረት ችንካር ተሰፍቶ ለዓመታት የሚያገለግል አለ። ሲሊንደርና ሲሊንደርን በሚለየው ጠባብ ግድግዳ ላይ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። ኮሎው (ክራንኩ) በሚያርፍበት ድልድይ ላይ ከሆነ እኔ በበኩሌ ክርክር አልገባም፤ ይቀየር። በዚያ ቦታ ላይ በየዳ የሚቀበል ባለመኪና የጨከነው በራሱ ላይ ነው።

ሌላ የሚያስደነግጥ ነገር ከዘይት ክዳኑ ሥር የሚገኘው ማኪያቶ የመሰለ ዝቃጭ ነው። ውኃ ከዘይት ጋር ከተቀላቀለ ጋርኒሲዮን ተቃጥሏል ወይም ብሎክ ተሰንጥቋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቢሮ ብቻ የሚመላለስ መኪና ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፤ እንፋሎቱም ክዳኑ ሥር ይሰበሰባል። መጀመሪያ መታየት ያለበት በዘይት መለኪያ ዘንጉ ላይ ያለው ነው። ዘንጉ ላይ ንጹሕ ዘይት ከሆነ፣ ክዳኑን ጠርጎ ሰበታ ድረስ ነድቶ መመለስ ከቴስታታ ማውረድ ይረክሳል።

*

ስለ ዱባይ ሞተር። ከዱባይና ከሻርጃ የመኪና መበተኛዎች የሚመጣው ሞተር ገመዱ ተቆርጦ፣ ዘይቱ ፈስሶ ይመጣል። ሻጩ «70 ሺህ ብቻ የሠራ ነው» ይላል። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረው ዳሽቦርዱ ነው፤ ዳሽቦርዱ ደግሞ እዚያው ቀርቷል። ሞተር ዕድሜውን በጀርባው ተሸክሞ አይመጣም።

የሚሰጠው ዋስትና ብዙ ጊዜ «ይነሳል» የሚል ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተርም ይነሳል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ካንዴላዎቹ ተነቅለው ኮምፕረሽኑ ይለካ፤ ከስልክ ጋር የሚገጠሙ ቀጫጭን ካሜራዎች አሉና በካንዴላው ቀዳዳ የሲሊንደሩ ግድግዳ ይታይ። የሆኒንጉ ጭረት አሁንም ከታየ ተስፋ አለ፤ ቁልቁል የወረደ ጭረት ከታየ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ሻጩ ካሜራውን አይቶ ከተቆጣም መልስ ነው። ሳይታይ ከተገዛ ግን ገዢው የሚያውቀውን ያለቀ ሞተር ሰጥቶ የማያውቀውን ያለቀ ሞተር ወሰደ።

*

የሞተር ቁጥር የሚመታው ብሎኩ ላይ ነው። ቴስታታ ቢቀየር፣ ፒስተን ቢቀየር፣ ኮሎ ቢቀየር ሊብሬው ምንም አይለውም። ብሎኩ ሲቀየር ግን ሊብሬው ላይ ያለው ሞተር ሌላ ሞተር ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ከወጣ ጀምሮ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም፤ አዲሱ ሞተር ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ሰነድ ያስፈልጋል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ብሎክ ሰነድ የለውም፤ ሰነድ የሌለው ብሎክ መኪናው የሚሸጥ ቀን ይጮሃል። ፋብሪካው ራሱ በመለዋወጫነት የሚልከው ብሎክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም ቁጥር የለበትም፤ ያም የራሱ ጣጣ አለው።

«እኛ የድሮውን ቁጥር እንመታልሃለን» የሚል ሰው ካጋጠመ ከዚያ ግቢ መውጣት ነው። ርካሽ መስሎ የታየው መቀየር ከነምልልሱ ሲታሰብ ከማሰፋት የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ወጪ ግን የጋራዡ ፕሮፎርማ ላይ ማንም አይጽፈውም።

*

የመኪና ደላላ ትልቁ ምስጋና «ሞተሩ ያልተከፈተ» ነው። ጭሱ ሰማያዊ ይሁን፣ ዘይት ይብላ፣ ያልተከፈተ ከሆነ ተከብሯል። በልኩ ተሰፍቶ፣ በአዲስ ፒስተን ተገጥሞ፣ ወረቀቱ ያለው ሞተር ግን «ተከፍቷል» ተብሎ ዋጋው ይቆረጣል። ገበያው ምርመራን የሚቀጣ፣ አለማወቅን የሚሸልም ሆኗል። ፍርሃቱ ግን ከመሬት አልተነሳም፤ ሰው የፈራው መክፈቱን ሳይሆን የከፈተውን እጅ ነው።

*

ሬክቲፊካ ቤት ውስጥ ከማሽኑ ይልቅ ቅደም ተከተሉን ማየት ይበጃል። ፒስተኑ ሳይገዛ ሲሊንደሩ ከተሰፋ ነገሩ ተበላሽቷል። «0.50 ነው» ተብሎ ይሰፋል፤ በኋላ ከሶማሌ ተራ የመጣው ፒስተን በካርቶኑ ላይ 0.50 ቢልም በሚክሮሜትር ሲለካ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ፒስተኑ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፣ ይለካ፣ ከዚያ ሲሊንደሩ ለእሱ ይሰፋለት።

ሁለተኛው እጥበት ነው። ሆኒንግ የተደረገ ብሎክ ግድግዳው ላይ ዓይን የማያየው የድንጋይ ብናኝ ይዟል። እኛ ጋ በቤንዚን ወይም በናፍጣ ይታጠባል፤ ይህ ቅባቱን ያነሳና ብናኙን በጭረቱ ውስጥ ይተወዋል። የሚያወጣው ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና ብሩሽ ነው፤ ከዚያ ወዲያው ደርቆ ዘይት ይቀባል፣ አለዚያ ይዝጋል። ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲያልፍ ከጠቆረ እንደገና ይታጠባል። «አሳድሼው ስድስት ወር አልቆየም» ከሚሉት ሞተሮች ስንቶቹ በሳሙና እጦት እንደሞቱ እግዜር ይወቀው።

*

የሚኒባስ ሾፌርና ባለንብረቱ ስለ አንድ ሞተር ሁለት የተለያየ ሂሳብ ይሠራሉ። ለባለንብረቱ ጥያቄው ስንት ብር ነው የሚለው ነው። ለሾፌሩና ለረዳቱ ስንት ቀን ይቆማል የሚለው ነው። መቀየር በቀናት ያልቃል፤ ማሰፋት ፒስተን ፍለጋው፣ የሬክቲፊካው ወረፋ፣ የመብራት መጥፋቱ ተጨምሮ ሳምንታት ይጎትታል። ስለዚህ ሾፌሩ «ይቀየር ጋሼ፣ ይሄ አይረባም» ሲል ስለ ብሎኩ እየተናገረ ላይሆን ይችላል። ባለንብረቱም «ይታደስ» ሲል እንዲሁ። መካኒኩ በመካከላቸው ቆሞ ማን እንደሚከፍለው ያያል።

*

ይህ ምርጫ የከበደው በቅርብ ዓመታት ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ጫን ብሎ ቀረጠ። ጥር 2016 ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና እንደማይገባ ተነገረ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ተብሎ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የነዳጅ መኪና ያለው ሰው ያለውን ይዞ ከመቆየት ሌላ ሰፊ መንገድ አልቀረለትም። ድሮ «ሽጠው፣ ሌላ ግዛ» የሚባል ሦስተኛ አማራጭ ነበር። (ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ ጽሑፉ እስኪታተም ይለወጣል።)

*

የሚገርመኝ ሞተሩን የገደለው ነገር ሳይነካ አዲሱ ሞተር መግባቱ ነው። የድሮው ራዲያተር፣ የድሮው ክዳን፣ የድሮው ፊልትሮ፣ አዲስ ሞተር።

አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ከላላ፣ ብዙ መኪና ላይ ማራገቢያው ገና ሳይነሳ ውኃው ይፈላል። ሾፌሩ ይቆማል፣ ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ብሎክ ላይ ያፈስሳል፤ ቴስታታ ይጣመማል፣ ብሎክ ይሰነጠቃል። ጥፋቱ ሁሉ ከአንዲት ጎሚኒዋ ካለቀ ክዳን መጣ።

ሙቀት እንዳይወጣ ብለው ቴርሞስታቱን አውጥተው የሚጥሉ ደግሞ አሉ፤ ይህ በብዙ ጋራዥ እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ያለ ቴርሞስታት የሚሠራ ሞተር እንደበረደ ይውላል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ከግድግዳው ላይ ዘይቱን ያጥባል፣ ፋሻው በደረቅ ይፋተጋል። ሲሊንደሩ ይበላል። ሙቀት እንዳይገድለው ብለው በብርድ ይገድሉታል።

የአየር ፊልትሮውስ? ጎሚስታ ጋ ወስዶ በአየር ማስነፋት ልማድ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራው ወደ ሞተሩ በኩል ይሻገራል። የኮረኮንች አቧራ ውስጡ አሸዋ ነው፤ ሲሊንደር የሚበላውም እሱው ነው።

*

ዋሽንግተን አካባቢ በሹፌርነት የሚተዳደሩ ወገኖቻችን የታደሰ ሞተር ሲገዙ የሚገጥማቸው አንድ አሠራር አለ። ሻጩ ከዋጋው ሌላ ማስያዣ ይቀበላል፤ አሮጌው ሞተር ሲመለስለት ማስያዣውን ይመልሳል። አሮጌው ብሎክ ተሰፍቶ ለሌላ ሰው ስለሚሸጥ ነው።

እኛ ጋ የወረደው ብሎክ ማስያዣ የለውም። ባለመኪናው አዲሱን አስገጥሞ፣ ከፍሎ፣ አመስግኖ ይሄዳል። «አይረባም» የተባለው ብሎክ ከግቢው ጥግ ይቀመጣል። እስቲ አንድ ቀን ሒሳብ ከፍለው ሲጨርሱ «አሮጌውን ብሎክ ጫኑልኝ፣ ይዤው እሄዳለሁ» ይበሉ።

«ምን ያደርግልዎታል ጋሼ? ቁርጥራጭ ብረት እኮ ነው።»

«ይሁን፣ እወስደዋለሁ።»

«ከሚደክሙ እኛ እንገዛዎታለን። ስንት ይላሉ?»